ትራሱ ወደ ግርጌ ሲዞር፦ ከሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን በኋላ አዳማ ውስጥ በቤት የተደረገ ማገገም

ታካሚዋ የ46 ዓመት ሴት ናት። እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የምትኖረው አዳማ፣ አራት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ሳሎንና አንዲት ጠባብ መኝታ ቤት ባላት ቤት ነው። አብራት የ19 ዓመት ልጇ አለች፤ ለማስታመም ደግሞ ታላቅ እህቷ ከአሰላ መጥታለች። ማንነቷን የሚያሳውቁ ዝርዝሮች እዚህ አልገቡም።

ሁለት ዓመት ያህል ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ስር እየተነሳ ወደ ጀርባዋ የሚወጋ ቁርጠት ነበረባት። ጨጓራ ነው ሲባል ቆይቶ በአልትራሳውንድ ስትታይ የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ሞልቶበት ተገኘ። ከረጢቱ ደጋግሞ ከመቆጣቱ የተነሳ ከአካባቢው ጋር ተጣብቆ ስለነበር በትንንሽ ቀዳዳና በካሜራ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ቀርቶ ሆዷ ተከፈተ። ቁስሉ ከጎድን አጥንቷ ስር አግድም 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በ11 ስፌት ተዘጋ። ቀኑ በዓቢይ ጾም፣ ከደብረ ዘይት ሰንበት በኋላ ያለው ዓርብ ነበር። በ4ኛው ቀን ወደ ቤት ተላከች። የተሰጣት ወረቀት ሦስት መስመር ነበረው፦ ቅባት አትብዪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ በ10ኛው ቀን ለስፌት ተመለሺ።

ሦስቱም ትክክል ናቸው። ከአልጋ እንዴት እንደምትነሳ፣ እንዴት እንደምትስል፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደምትቀመጥ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ቅንጦት ይታያል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። በደንብ የተደገፈ ሰው ጠልቆ ይተነፍሳል፣ ሳይፈራ ይነሳል፣ ይተኛል። ያልተደገፈው አልጋው ላይ ደርቆ ይውላል፤ ሳንባው አክታ የሚይዘው፣ አንጀቱ የሚተኛው፣ እግሩ ውስጥ ደም የሚረጋው ያኔ ነው።

ወደ ቤት

ቤቷ ከሆስፒታሉ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ልጇ ባጃጅ ጠራች። አስፋልቱ ላይ ደህና ነበሩ። ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ሲደርሱ ግን ታካሚዋ ሁለት እጇን ቁስሉ ላይ ጭና፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ቆጠረችው። ባጃጅ የኋላ መቀመጫው ቀጥ ያለ ነው፤ ሰውነት ለመደገፍ የሚጠቀመው የሆድን ጡንቻ ነው፤ የተቆረጠውም እሱ ነው። ለምርመራ ስትመለስ በትንሽ መኪና፣ ፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ቀበቶውና ሆዷ መካከል ትራስ ገብቶ ሄደች። የሒሳቡ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ከታክሲ ሒሳብ የሚቆጠብ ካለ ግን በዚህ ቀን አይቆጠብ።

አልጋው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ክፉ ነበሩ። አልጋዋ ዝቅተኛ ነው፤ ከወለል እስከ ፍራሹ 35 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስፖንጁም መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። እህቷ አስባ ከአልጋው ግርጌ ነጠላ አሰረችላትና እሱን ይዛ እንድትነሳ ነገረቻት። ለእግር ስብራት ጥሩ ዘዴ ነው። ለሆድ ኦፕራሲዮን ግን ገመድ ይዞ ቀጥ ብሎ መነሳት ጭነቱን በሙሉ ስፌቱ ላይ ይጥለዋል። አንዴ ሞክራ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ለሽንት ካልሆነ አልነሳም አለች።

ቁስሉን ለማየት በ6ኛው ቀን ቤት ድረስ የመጣችው ነርስ መጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው። ቁስሉ በቀኝ ስለሆነ የሚቀለው በግራ ጎን ዞሮ መነሳት ነው። የአልጋው ግራ ጎን ደግሞ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ታካሚዋ በየጊዜው በታመመው ጎኗ ላይ እየተገለበጠች ነበር የምትነሳው። አልጋውን ማንቀሳቀስ አላስፈለገም። ትራሱ ከትራስጌ ተነስቶ ወደ ግርጌ ሄደ፤ በቃ። ሰው ሲዞር ግራው ወደ ክፍት ቦታ ይወጣል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ጉልበቶች አንድ ላይ ይታጠፋሉ። ትከሻና ዳሌ ሳይነጣጠሉ እንደ ግንድ ወደ ግራ ይገለበጣሉ። እግሮች ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ሲወርዱ በግራ ክርንና በቀኝ መዳፍ ፍራሹ ይገፋል፤ የእግሩ ክብደት ራሱ ገላን ያነሳል። ሲነሱ ትንፋሽ ይወጣል እንጂ አይያዝም። ከዚያ ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ማለት ግድ ነው፤ በተለይ ትራማዶል የተባለውን ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ያዞረዋል። ሲተኙ ያው በተቃራኒው ነው።

ቁመቱን ለመጨመር አራት ብሎኬት ከአልጋው እግሮች ስር ገባ። መጀመሪያ ያመለጠው ነገር የብሎኬቱ ቀዳዳ ነው፤ አንዱ እግር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አልጋው ተንጋደደ። በየብሎኬቱ ላይ ቁራጭ ጣውላ ተደርጎ ተስተካከለ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወለል ይረግጣል፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ አይልም። ለጎደጎደው ስፖንጅም ከስሩ ጣውላ ተነጠፈለት።

የቀረው መደገፊያው ነው። ከጎድን በታች የተከፈተ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ዘርጋ ብሎ መተኛት አይሆንለትም፤ ቁስሉ ይወጠራል። ትራስ መደራረብም አይረዳም፤ ሌሊት ይንሸራተታል፤ አንገት ይታጠፋል፣ ወገብ ባዶ ይቀራል። እዚህ ቤት የተሠራው የቆየ የነርሶች ዘዴ ነው። አንድ የእንጨት ወንበር ተገልብጦ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል፤ የመቀመጫው የፊት ጠርዝና የመደገፊያው ጫፍ ፍራሹን ይነካሉ፣ እግሮቹ ወደ አዲሱ ትራስጌ ጫፍ ያያሉ፣ የመደገፊያው ጀርባ ተዳፋት ይሆናል። በላዩ ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ሁለት ትራስ። የወንበሩ እግሮች ከዚያው የአልጋው ጫፍ ጋር በገመድ ይታሰራሉ፤ ካልታሰሩ ሌሊት ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰውየው ደግሞ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ለዚያ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከታፋ ስር ይደረጋል። ጉልበት ስር ትራስ ማድረግ የሆድን ጡንቻ ያላላል፤ ቀን ሙሉ እንደዚያ መቆየት ግን ባትን ይጫናልና በየሰዓቱ ይነሳ፣ ቁርጭምጭሚትም ወደ ላይ ወደ ታች 20 ጊዜ ይንቀሳቀስ። በዚያ ሌሊት አራት ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ተኛች፤ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«በየ6 ሰዓቱ»

የመድኃኒቱ ነገር የወጣው በአጋጣሚ ነው። የፓራሲታሞሉ ከረጢት ላይ «2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ» ተብሎ ተጽፏል። እህቷ ግን ቀን 6 ሰዓት ላይና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ብቻ ነበር የምትሰጣት። አንብባ ያጣችው ነገር የለም፤ «በየ6 ሰዓቱ» እና «በ6 ሰዓት» በሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ማንም ደግሞ በቃል አላስረዳትም። ታካሚዋ ከታዘዘላት ግማሹን እየወሰደች፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ በሕመም ትሰቃይ ነበር። እሷም ብትሆን «መድኃኒት ሲበዛ ቁስል አይጠግም» ብላ አልጠየቀችም።

ካርቶን ተቆርጦ በማርከር ተጻፈ፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። በእነዚህ አራት ሰዓቶች ላይ ሁለት ሁለት ፍሬ ባለ 500 ሚሊ ግራም፤ በ24 ሰዓት 8 ፍሬ፣ ማለትም 4 ግራም፤ ከዚያ ማለፍ የለም። ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ወይም ጉበቱ ለታመመ ሰው መጠኑ ያንሳል፤ ሐኪሙ ይወስን። ለጉንፋን የሚሸጡ ክኒኖች ውስጥ ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ከዚህ ጋር ሲደረቡ መጠኑ ሳይታወቅ ያልፋል። በተሰጠ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ጭረት ይደረጋል፤ አስታማሚ ሲፈራረቅ ሁለቴ እንዳይሰጥ።

ማስታገሻ ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሲወሰድ ዘግይቶ ይደርሳል። ከመታጠብና ከመራመድ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ የሚደርስ ክኒን ግን ቀኑን ይለውጠዋል። ይህች ሴት በ7ኛው ቀን ከጠዋቱ ክኒን በኋላ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች፤ ከዚያ በፊት ለሽንት ካልሆነ ከበሩ አላለፈችም ነበር።

ሳል፣ ሳቅና ጭስ

ከጎድን አጥንት ስር ያለ ቁስል ለሳንባ መጥፎ ጎረቤት ነው። ሲያም ሰው ሳያውቀው በላይ በላዩ ይተነፍሳል፤ የቀኙ ሳንባ ታችኛው ክፍል ሳይከፈት ይውላል፤ አክታ ይጠራቀማል። መሳል ደግሞ አጥብቆ ያማል፤ ስለዚህ ታፍኖ ይቀራል።

አንዲት ጠንከር ያለች ትንሽ ትራስ ከእጇ እንዳትለይ ተደረገ። መሳል ሲመጣ በሁለት እጅ ቁስሉ ላይ ጠበቅ ይደረጋል፣ ወደ ፊት ዘንበል ይባላል፣ ሁለት ጊዜ ጠለቅ ብሎ ይሳላል። ነቅታ ባለችበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ በአፍንጫ በጥልቀት መሳብ፣ ሦስት እስኪቆጠር መያዝ፣ በአፍ ቀስ ብሎ ማውጣት። እንዳይሰለቻት ልጇ የሃይላንድ ጠርሙስ አዘጋጀች፤ ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ እስከ ታች የሚደርስ ንጹሕ ቀጭን ጎማ፤ በጎማው ሲነፋ ውሃው ይንተከተካል። የጠርሙሱ አፍ አይደፈን፤ አየሩ መውጫ ይፈልጋል። ውሃው በየቀኑ ይቀየራል። የግቢው ልጆች ሊያዩ መጡና አንዱ «እትዬ፣ ሽሮው ፈላ!» ሲል ሳቋ መጣ። ትራሷን እቅፍ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አታስቁኝ፣ አሞኛል» ትል ነበር። ሳቅም ያው ሳል ነው፤ ትራሱ ይያዝ እንጂ አይከልከል።

ጭሱ ግን ተከለከለ። ቡና በሚፈላበት ቤት ከሰልና ዕጣን አብረው ይገባሉ፤ ዕጣን የሚያስላት መሆኑን ራሷም ታውቃለች። ረከቦቱ ወደ ጎረቤት በረንዳ ተዛወረ። አዳማ ከሰዓት በኋላ ነፋሷ አቧራ ታዝላለች፤ ለነፋስ ማመንጫ የተመረጠች ከተማ መሆኗን እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል። ከ8 ሰዓት በኋላ መስኮቱ ይዘጋል፣ ደጁ ላይ ውሃ ይረጫል።

ሽንት ቤቱ

ኦፕራሲዮን ከሆነች ጀምሮ እስከ 6ኛው ቀን ሰገራ አልወጣችም። አየር ይወጣት ነበር፤ ማስመለስም የለም፤ ስለዚህ አንጀቱ ሠርቷል። አየርም ቆሞ፣ ሆድ ተነፍቶ፣ ማስመለስ ቢኖር ወዲያው ሆስፒታል ነበር። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። ትራማዶል ያደርቃል። ለሽንት ላለመነሳት ስትል ውሃ ቀንሳለች። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ አሠራር ነው፤ የግቢው ሽንት ቤት የቁጢጥ ነው፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ስለሚያማት ሲመጣባት ትይዘው ነበር። ይህን ሦስተኛውን ለማንም አልተናገረችም። በቀጥታ ካልተጠየቀ ማንም አይናገረውም።

ልጇ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን በጋለ ቢላዋ ቆረጠች። ቀዳዳውን እስከ ፊተኛው ጠርዝ ስላደረሰችው ራሷ ተቀምጣ ስትሞክረው ተሰነጠቀ። ደግነቱ በሷ ነው የተሞከረው። ቀጥሎ አንድ አናጺ አሮጌ የእንጨት ወንበር ወሰደና መቀመጫው ላይ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ አወጣ፤ በአራቱም በኩል ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ቀረ፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ለሰለሰ፣ በቫርኒሽ ተቀባ፤ እንዲታጠብ። የወንበሩ አራት እግሮች ሲሚንቶው ላይ እንጂ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እንዳይቆሙ ተለክቶ፣ ጀርባው ግድግዳ ተደገፈ። ወለሉ እርጥብ ስለሚሆን በእግሮቹ ስር የጎማ ቁራጭ ተመታ። ከፊት ለፊት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ለእግር መርገጫ ሆነ፤ ጉልበት ከፍ ሲል ማማጥ ይቀንሳል።

ለሌሊት ፖፖ ከአልጋው ስር ገባ። ከሽንት ቤቱ እስከ ቤት ያለው 40 እርምጃ ቀን መልካም ልምምድ ነው፤ ሌሊት በትራማዶል ራስ እያዞረ ግን መውደቂያ ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ተከትሎ ሌላ አንድ ብርጭቆ፣ ጠዋትና ማታ። ተልባ ያለ ውሃ ራሱ ያደርቃል፤ ሰዎች የሚስቱት ይህንን ነው። ቁርስ ላይ ፓፓያ። በጠቅላላው በቀን 2 ሊትር ያህል ውሃ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ሆኖ መምጠጫ (ስትሮ) ገብቶበት፤ አንገቷን ሳታነሳ እንድትጠጣ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው የውሃው ልክ ከሐኪሙ ነው። በ7ኛው ቀን ማታ ወጣላት። እህቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ጠያቂዎች

አዳማም እንደ ሌላው አገር ሰው ታሞ አይተውም። በሁለት ቀን 31 ሰው መጣ፤ ልጇ ቆጥራዋለች። አንዳንዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ፍራሹ ወደ እሱ ሲያዘነብል ቁስሉ ይወጠራል። አንዳንዱ ስለ አክስቱ ኦፕራሲዮን ይነግራታል። ታካሚዋ ደግሞ እንግዳ ተቀምጦ አልተኛም ብላ ቀን ሙሉ ቀና ብላ ትውላለች።

እህቷ ዘበኛ ሆነች። የመጠየቂያ ሰዓት ከቀኑ 10 እስከ 12፤ በር ላይ «ተኝታለች፣ ዶክተሩ አዞ ነው» ይባላል። ዶክተሩ አላዘዘም፤ ግን ማንም አይከፋም። ሁለት ዱካ ከአልጋው በግራ በኩል ተቀመጡ፤ እንግዳው ዱካው ላይ ሲቀመጥ እሷ ሳትጠማዘዝ ታየዋለች። ጠያቂ ለስላሳና አምቦ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ጋዙ ሆድ ይነፋል፤ ለእንግዳው ራሱ ይቀዳለት። «ምን እናምጣ?» ብለው ለጠየቁ ልጇ መልስ አዘጋጀች፦ ፓፓያ፣ እንቁላል፣ ወይ አንድ ጀሪካን ውሃ መቅዳት። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት የመጨረሻው ከሁሉም በለጠ።

ምግቡ

ጾሙ ላይ ትንሽ ውዝግብ ነበር። ታካሚዋ ሰባት ቀን ሙሉ በአጥሚትና በሙዝ ከረመች። የንስሐ አባቷ በስልክ «ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለበትም» ካሏት በኋላ ነው እንቁላል የበላችው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ቁስል የሚጠግመው በፕሮቲን ነው። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ጭልፋ ወፈር ያለ የምስር ክክ አልጫ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ቆዳው የወጣ የዶሮ ሾርባ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በትንሹ።

የጾም ነው ማለት ቅባት የለውም ማለት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት እህቷ የሠራችው ምስር ወጥ ላይ ዘይቱ ይንሳፈፍ ነበር፤ ለአንድ ድስት ሙሉ ሲኒ ዘይት። በልታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷ ተነፋ። ቀይ ሽንኩርቱ መጀመሪያ በውሃ ከበሰለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል። ከረጢቱ የሚያጠራቅመው፣ ስብ ሲመጣ አንድ ጊዜ የሚለቅቀው ነበር። አሁን ማጠራቀሚያ የለም፤ ሐሞቱ በጥቂት በጥቂቱ ይንጠባጠባል። ትንሽ ስብ ቢመጣ ይችለዋል፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ሲመጣ አይበቃውም፤ ያልተፈጨው ስብ ወደ ታች ወርዶ ያስቀምጣል።

ሙቀት፣ ገላና መቀነት

የአዳማ መጋቢትና ሚያዝያ ቀላል አይደሉም። ቁስሉ ከቀኝ ጡቷ ስር ስለሚያልፍ ላቡ እዚያው ይቆያል። ጡት መያዣው ቀረ፤ በምትኩ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ታጥፎ ከጡቷ ስር ይገባል፣ ሲረጥብ ይቀየራል። ቬንትሌተሩ ከአልጋው ሁለት ሜትር ርቆ ወደ እግሯ ዞረ። አጎበሩ በሦስት በኩል ፍራሹ ስር ይጠቀጠቃል፤ የምትወጣበት የግራው ጎን በልብስ መቆንጠጫ ብቻ ይያያዛል፤ ሌሊት ስትነሳ እንዳይጠልፋት።

ዱካ ላይ ተቀምጣ ትታጠባለች፤ ለብ ያለ ውሃ ከትከሻዋ ይፈስላታል፤ ቁስሉ አይታሽም፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን ተደርጎ ይደርቃል። እጇን ወደ ላይ ማንሳት ቁስሉን ስለሚስበው ፀጉሯን ራሷ ማበጠር አልቻለችም። ጎረቤቷ ቀጭን ሹሩባ ሠራችላት፤ አሥር ቀን ቆየ። ከሆስፒታል በፊት ቢሠራ ኖሮ ደግሞ የተሻለ ነበር።

መቀነቱን ራሷ ጠየቀች። አራስ የሚታሰር ነው፣ ሆድ ይይዛል ብላ። ከእምብርት በታች ላለ ቁስል ላላ ያለ መቀነት ሲራመዱ ደስ ይላል። ከጎድን ስር ላለ ቁስል ግን ደረትን አጥብቆ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ትራሱ ይሻላል። በምትኩ ወገብ የሌለው ሰፊ ቀሚስ ለበሰች።

ትኩሳቱ

በ9ኛው ቀን አመሻሽ ላይ በረዳት፤ ሲለካ 38.4። ልጇ ወባ ነው አለች፤ አዳማ ውስጥ ሞኝ ግምት አይደለም። ጎረቤት ከበፊት የተረፈ የወባ ክኒን ይዛ መጣች። አልተሰጣትም፤ ጥሩ ሆነ።

ፕላስተሩ ተነስቶ ቁስሉ ሲታይ ታችኛው ጫፉ ቀልቶ፣ ጠንክሮ፣ ይሞቃል። ፕላስተሩ ከ6ኛው ቀን ጀምሮ አልተነካም፤ በላብ ርሶ ጠርዙ ጠቁሯል። ነርሷ «ካልራሰ አትንኩት» ብላ ነበር የሄደችው። ቤተሰቡ የያዘው ሁለተኛውን ቃል ብቻ ነው። ሁለት ቀን ርሶ የቆየ ፋሻ ብቻውን አመረቀዘው ማለት አይቻልም፤ ቀድሞ የተቆጣ ሐሞት የወጣበት ቁስል በራሱም ሊያመረቅዝ ይችላል። በየቀኑ ቢታይ ግን ቀድሞ ይደረስበት ነበር። ከዚያ ወዲህ «አትንኩ» የሚለው ቃል ቀርቶ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 1 ሰዓት፦ እይ፣ ዳስስ፣ አሽትት» ተብሎ ተጻፈ።

በማግስቱ ማለዳ ሆስፒታል ሄደች። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ። ሐኪሙ ሁለት ስፌት ፈቶ መግሉን አወጣ፣ ፀረ ባክቴሪያ አዘዘ። የተከፈተው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ 12 ቀን በየቀኑ ታጥቦ ታሸገ። የቀሩት 9 ስፌቶች በ12ኛው ቀን ወጡ። ለማጠቢያ 1 ሊትር ውሃ ክዳኑ ተዘግቶ 10 ደቂቃ ይፈላል፣ ያልተከመረ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል፣ እንደተከደነ ይቀዘቅዛል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ አሮጌው ፋሻ ይነሳል፣ እጅ እንደገና ይታጠባል። ሁለተኛው መታጠብ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። ቅቤ፣ ማር፣ የቡና ዱቄት ቁስሉ ላይ አይደረግም። ጠበል የምትፈልግ ከሆነ ቁስሉ እስኪደፈን ትጠጣ እንጂ አትጠመቅ ተባለ፤ ተስማማች።

ዓይን ቢጫ ቢሆን፣ ሽንት እንደ ቡና ቢጠቁር፣ ሰገራ ቢነጣ የሐሞት መንገዱ ተዘግቶ ወይም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ባት ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እነዚህ እስከ ጠዋት አይጠበቁም። ትኩሳቱም ቢሆን ከማንቀጥቀጥ ወይም ከማስመለስ ጋር ቢመጣ ኖሮ በዚያው ሌሊት መሄድ ነበረባት።

ፋሲካና ሥራ

ፋሲካ በ23ኛው ቀን ዋለ። ቁስሉ ሊደፈን ተቃርቧል፣ የሳሉ ትራስ ወደ ሶፋው ተጥሏል፣ ሁሉም ድናለች ብሏል። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል፣ ቅቤው ጉልህ ብሎ የሚታይ ወጥ በላች። እስከ ጠዋት ሦስት ጊዜ አስቀመጣት፤ ቁርጠቱ የድሮውን ስለመሰላት ጠጠሩ ተመለሰ ብላ አለቀሰች። የተመለሰ ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን ሩዝና ሾርባ፣ ከዚያ ከወጡ ላይ የተንሳፈፈው ቅቤ በጭልፋ ተገፍፎ፣ በግማሽ እንጀራ። በየሦስት ቀኑ ትንሽ እየተጨመረ በሁለተኛው ወር ተራ ወጥ ያለ ችግር በላች።

ሥራዋ ሌላው ፈተና ነበር። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ የሊጥ ባልዲውም ከዚያ አያንስም። የተፈቀደላት እስከ 6ኛው ሳምንት 5 ኪሎ ነው፤ ከውስጥ ያለው ስፌት ቆዳው ከዳነ በኋላም ገና ነው፤ ያኔ የተነሳ ክብደት ሆድ ዕቃን በቁስሉ በኩል ሊያወጣ ይችላል። በ5ኛው ሳምንት ልጇ ትምህርት ቤት ሳለች ባልዲውን በሁለት እጇ ጎተተችው እንጂ አላነሳችውም፤ መጎተትም ያው ነው፤ ሁለት ቀን አመማት።

በ7ኛው ሳምንት ሥራ ጀመረች፤ በቀን 20 እንጀራ ብቻ። ምጣዱ ከዱካ ከፍታ ወደ ጠረጴዛ ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ መጋገር ቀረ። አክንባሎውን በቀኝ እጅ ዘርግቶ ማንሳት ቁስሉን ስለሚስበው ምጣዱ ወደ ሰውነቷ ቀርቦ፣ መክደኛው በግራ እጇ ሆነ። ሊጡን ልጇ በ3 ሊትር ጆግ እየቀነሰች ታቀርብላታለች።

ብሎኬቶቹ ከአልጋው ስር አልወጡም፤ ትራሱም ግርጌ እንደሆነ ነው። ቀዳዳ ያለው ወንበር ደግሞ ወደ ቤት ሊገባ ሲል የግቢው አዛውንት ጎረቤት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ «እሱንስ የትም አትውሰዱት» ብለው አስቀሩት።